የጨቅላ ሕፃን ትኩሳት እስኪነጋ አይጠበቅም

ጥያቄ፦ ልጄ ከተወለደ ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው። ማታ ስዳስሰው ግንባሩ ይፋጃል። ጡት ስሰጠው ጥቂት ስቦ ይተኛል፤ ብቀሰቅሰውም አይነቃቃም። እናቴ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ጨምቀሽ በጥቂቱ አቅምሺው» ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ ልብስ አብዝተሽበት ነው ባይ ናት። ባለቤቴ ጠዋት ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን ብሏል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጁ በዚሁ ሌሊት መታየት አለበት። እናትየው ከጻፈችው ሁሉ ሐኪምን ከመቀመጫው የሚያስነሳው «ጥቂት ስቦ ይተኛል» የሚለው ነው። የ12 ቀን ልጅ ሥራው መጥባትና መተኛት ነው። ደህና ሲጠባ የነበረ ልጅ ጡት ሲተው፣ በዚያ ላይ ገላው ሲግል፣ ሌላ ምልክት እስኪጨመር የሚጠበቅበት ምክንያት የለም።

ጨቅላ የሚባለው ከተወለደ 28 ቀን ያልሞላው ሕፃን ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በሽታን የሚከላከለው በአብዛኛው ከእናቱ ባገኘው አቅም ነው። በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት በእንግዴ ልጁ በኩል ያለፉለት አንቲቦዲዎች አሉ፤ ከእንገርና ከጡት ወተት የሚያገኛቸውም አሉ። የራሱ የመከላከያ አቅም ግን ገና ልምድ የለውም። ያለጊዜው የተወለደ ከሆነ ደግሞ ከእናቱ የሚያገኘውም ሳይሞላለት ነው የመጣው። ጎልማሳ ሰው ላይ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ በጀመረበት ቦታ ተወስኖ ይቆያል። ጨቅላ ላይ ግን ከእትብት ወይም ከሽንት ቧንቧ የተነሣ ባክቴሪያ በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ገብቶ እስከ አንጎል ሽፋን ሊደርስ ይችላል። የደም መመረዝና ማጅራት ገትር የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 33ቱ 28 ቀን ሳይሞላቸው ይሞታሉ። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 59 ስለሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሞት በዚያች የመጀመሪያ ወር ውስጥ ነው ማለት ነው። ያለጊዜ መወለድና በወሊድ ጊዜ መታፈን ከዋነኞቹ ገዳዮች ሲሆኑ ኢንፌክሽን ሦስተኛቸው ነው። ከሦስቱ ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት በየጤና ጣቢያው በሚገኝ መድኃኒት ሊመለስ የሚችለው ይኸው ኢንፌክሽን ነው።

አያትየዋ ክፉ አላሰበችም። ብዙ ልጅ አሳድጋለች፣ ያየችውንም ነው የምትመክረው። ነገር ግን ለአዋቂ የሚጠጣ ዳማከሴ ለጨቅላ አይሰጥም። መጠኑ አይታወቅም፣ የተጨመቀበት እጅና ውሃ ጀርም ሊኖረው ይችላል፣ የደከመ ልጅ ደግሞ ሲውጥ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው ዳማከሴው ይሠራ እንደሆነ ሲታይ የሚያልፈው ሰዓት ነው። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀልም እንዲሁ ናቸው፤ ለትኩሳት መፍትሔ ተብለው ይደረጋሉ፣ ለደም መፍሰስና ለአዲስ ኢንፌክሽን በር ይከፍታሉ።

ጥያቄ፦ በእጅ ዳስሶ ትኩሳት መለየት ይቻላል? ጎረቤቴ እንዳለችው ልብስ በዝቶበት ቢሆንስ?

መልስ፦ የእናት እጅ ጥርጣሬ ለማንሣት በቂ ነው፤ ቁጥሩን ግን አይናገርም። ፋርማሲ የሚሸጠው ዲጂታል ቴርሞሜትር እያንዳንዱ አራስ ቤት ሊገባ የሚገባው ዕቃ ነው። ብብቱ ደረቅ መሆኑን አይቶ ጫፉን ከቆዳው ጋር አገናኝቶ፣ ክንዱን ወደ ጎኑ ይዞ እስኪጮህ መጠበቅ ነው። በብብት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ለጨቅላ ትኩሳት ነው። በሌላው ጫፍ፣ ከ35.5 በታች ሲሆን አደጋው አያንስም። ብዙ ወላጅ የማያውቀው ይህንን ነው፤ በጠና የታመመ ጨቅላ ከመጋል ይልቅ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እጅና እግሩ ብቻ ሳይሆን ሆዱና ደረቱ የቀዘቀዘ ልጅ ተጠቅልሎ የሚተው ልጅ አይደለም።

የጎረቤትየዋ ሐሳብ መሠረት አለው። መስኮቱ በተዘጋ፣ ሰው በሞላበት ክፍል በብርድ ልብስ ላይ ጋቢ የተደረበበት ልጅ ይግላል። ክፍሉን በከሰል ማሞቅ ደግሞ ለአራሷም ለልጁም ጭሱ ብቻ ሳይሆን የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ አደጋ ነው። ልጁ ንቁ ከሆነና በደንብ የሚጠባ ከሆነ አንድ ሁለት ልብስ ቀንሶ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት ይቻላል። ካልወረደ መሄድ ነው፤ ወርዶ ተመልሶ ከወጣም መሄድ ነው። ጡት ያልያዘ ልጅ ላይ ግን ይህ ሙከራ አይደረግም።

ሌላም መነሻ አለ። በተወለደ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል፣ የእናት ወተት በደንብ ሳይወርድ ወይም ልጁ አያያዙ ሳይስተካከል ሲቀር፣ ፈሳሽ አጥሮት ሊግል ይችላል። ሽንቱ ይቀንሳል፣ ክብደቱ ይወርዳል። ይህም ቢሆን ቤት ውስጥ የሚፈረድ አይደለም፤ ሐኪም መዝኖና መርምሮ ነው ከኢንፌክሽን የሚለየው። ውሃ ወይም ስኳር በጥብጦ ማጠጣት ደግሞ ነገሩን ያባብሳል።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ ሄጄ የትኩሳት ሽሮፕ ብገዛለትስ?

መልስ፦ አይሆንም። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያወርድና ወላጅን ያረጋጋል፤ ባክቴሪያው ግን ሥራውን ይቀጥላል። ለጨቅላ ሐኪም መዝኖ ካላዘዘው አይሰጥም። አስፕሪን ለሕፃን ጨርሶ አይታሰብም። በአልኮል ወይም በቀዝቃዛ ውሃ መጥረግም ጉዳት አለው። በትንሽ በትንሹ የተሰጠ አንቲባዮቲክ ደግሞ በሽታውን ሳያድን ምርመራውን ያደበዝዛል፤ ደሙ ተወስዶ ጀርሙ ሊያድግ ሲፈለግ ሳይታይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የስምንት ቀን ልጃችንን ሆስፒታል አስገብተን ከጀርባው ውሃ እንውሰድ አሉን። ዘመድ ሁሉ «ሽባ ይሆናል» አለን። ፈርተን እንቢ ብለናል።

መልስ፦ ፍርሃቱ የብዙ ቤተሰብ ነው፤ ተቆጥቶ የሚመለስ ሐኪምም አይረዳውም። መርፌው የሚገባው በታችኛው የወገብ ክፍል፣ ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት በታች ነው። እዚያ ያለው ፈሳሽና በውስጡ የሚንሳፈፉ የነርቭ ዘርፎች ናቸው። የሚወሰደውም ጥቂት ጠብታ ነው። ልጁ ያለቅሳል፣ ቦታው ለጊዜው ሊያመው ይችላል፤ ሽባ የሚያደርገው ግን ሳይታወቅ የቀረ ማጅራት ገትር ነው። ሽባ ሆነ የተባለው ልጅ ታሪክ ሲጣራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዘግይቶ የመጣ ማጅራት ገትር ነው፤ ጉዳቱ ከበሽታው ሆኖ ሳለ መርፌው ተወቀሰ።

ምርመራው የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጨቅላ አንገቱ አይገተርም፣ ራሴን አመመኝ አይልም፣ እርግብግቢቱም የሚያብጠው ዘግይቶ ነው። ፈሳሹ ሳይታይ ሐኪሙ ስንት ቀን እንደሚያክም አያውቅም። ለደም መመረዝ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን መድኃኒት ይበቃል፤ ለማጅራት ገትር ከ14 እስከ 21 ቀን ያስፈልጋል። በ7 ቀን የወጣና ማጅራት ገትሩ ያልታወቀለት ልጅ ተመልሶ ሲመጣ የከፋ ሆኖ ነው። ወላጆቹ ገና ዕድል አላቸው፤ ተመልሰው ሐኪሙን በዝርዝር ጠይቀው ቢፈቅዱ ይመከራል። መድኃኒቱም በዚህ ምክንያት አይዘገይም፤ አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን ወዲያው ይጀመራሉ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የ16 ቀን ልጃችን 38.1 ሆኖባት ድንገተኛ ክፍል ወሰድናት። በደንብ ትጠባ ነበር። ግን ደም፣ ሽንት፣ የጀርባ ፈሳሽ ሁሉ ወሰዱ፣ አስተኟት፣ አንቲባዮቲክ ሰጧት። በመጨረሻ ሁሉም ንጹሕ ወጣ። በከንቱ ነው ልጃችን የተሠቃየችው?

መልስ፦ የወላጆቹ ሐዘን ይገባል። በዚያች ትንሽ እጅ ላይ ካኑላ ሲፈለግ ማየት ለማንም ይከብዳል። ሆኖም ሐኪሞቹ ያደረጉት የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት ነው። መመሪያው ከ8 እስከ 60 ቀን ያሉትን በሦስት ይከፍላቸዋል። ከ8 እስከ 21 ቀን ያለ ልጅ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ደህና ቢመስልም እንኳ፣ ሙሉ ምርመራ ተደርጎለት፣ አንቲባዮቲክ ተጀምሮለት ይተኛል። ከ22 ቀን ጀምሮ ያሉት ላይ የደምና የሽንት ውጤት እየታየ የተወሰነ መላላት አለ። በዚያ አገር የሚለካው ብዙ ጊዜ በፊንጢጣ ስለሆነ ነው ቁጥሩ ከብብቱ 37.5 ከፍ ያለው።

ደህና የመሰለ ልጅ ለምን? የሦስት ሳምንት ልጅ ገና ለሰው ፈገግ አይልም፤ ፈገግታው የሚመጣው በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ተጫወተ፣ አየኝ፣ ሳቀ ብሎ ሐኪም የሚያመዛዝንበት ነገር በዚህ ዕድሜ የለም። በትኩሳት ከመጡ ሕፃናት አብዛኞቹ ቫይረስ ሆኖ ያልፍላቸዋል፤ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ላይ ግን ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ይገኛል፣ በብዛትም የሽንት ቧንቧ ነው። ያ አንዱ ከዘጠኙ በዓይን አይለይም። የዚህች ልጅ ንጹሕ ውጤት የተገኘው በምርመራው እንጂ ከምርመራው በፊት ማንም አያውቀውም ነበር።

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያ ወስጄው «ጉንፋን ነው» ብለው በሽሮፕ መለሱኝ። እኔ ግን ልጄ ልክ አይደለም።

መልስ፦ ትመለስ፤ ወይም ሌላ ቦታ ትሂድ። እናት ልጄ ልክ አይደለም ስትል ባለሙያው እንደ መረጃ ሊወስደው ይገባል፣ እንደ ጭንቀት አይደለም። የተደረገለትንም ትጠይቅ፤ ሙቀቱ ተለክቷል? ልብሱ ተከፍቶ አተነፋፈሱ አንድ ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሯል? ሲጠባ ታይቷል? በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ የሚያቃስት፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ ጨቅላ ጉንፋን ተብሎ አይመለስም። እትብቱ ዙሪያ ቀልቶ ወይም መግል ይዞ ከሆነም መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ እኛ ገጠር ነን። ሆስፒታል የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

መልስ፦ የመጀመሪያው ደጃፍ ጤና ኬላ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 በጀመረችው ማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ሕመም ለይተው ማከም ተምረዋል። ቅድሚያው ወደ ላይ መላክ ነው፤ ከመላኩም በፊት የመጀመሪያው መድኃኒት ይሰጣል። ቤተሰቡ መሄድ ጨርሶ ካልቻለ ግን ጀንታማይሲን በመርፌ፣ አሞክሲሲሊን በአፍ፣ ለሰባት ቀን እዚያው ሊሰጥ ይችላል። ሰባቱም ቀን መሞላት አለበት፤ በሦስተኛው ቀን ጡት ስለያዘ ማቋረጥ በሽታውን ይመልሳል። የሚንቀጠቀጥ ወይም ጨርሶ መጥባት ያቃተው ልጅ ግን መንገዱ ቢረዝምም መሄድ አለበት።

በመንገድ ላይ ልጁ የእናቱን ደረት ለብሶ፣ ገላ ለገላ ሆኖ ይጓዝ። የሚተኩስ ከሆነ ከላይ ብዙ አይደረብበት። የሚውጥ ከሆነ ጡት ይሰጠው፤ መሳብ ካቃተው ወተቱ ታልቦ በንጹሕ ሲኒ በጥቂቱ ይቅረብለት፣ የደሙ ስኳር እንዳይወርድ።

ጥያቄ፦ ለሚቀጥለው ልጄ ምን ላስተካክል?

መልስ፦ በጤና ተቋም መውለድ፤ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ 18 ሰዓት ካለፈው ወይም በምጥ ጊዜ ትኩሳት ከነበረ ለባለሙያው መናገር። እንገሩን አለመጣል፣ ቅቤ አለማላስ። እትብቱ ላይ ባለሙያ ከሰጠው ቅባት በቀር ምንም አለመቀባት። የመጀመሪያውን ገላ እጥበት ቢያንስ 24 ሰዓት ማቆየት።

እንግዳን በተመለከተ ትንሽ ድፍረት ያስፈልጋል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣ ሁሉ ልጁን መያዝ ይወዳል። እጁን ታጥቦ ይያዝ፤ መሳም ግን ይቅር። በተለይ ምች ወጣብኝ የሚል፣ ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያለበት ሰው ልጁን እንዳይስም። ያ ቁስል የሄርፒስ ቫይረስ ነው፤ ለአዋቂ የሳምንት ጉዳይ ሲሆን ጨቅላን እስከ አንጎሉ ድረስ ሊጎዳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ የማጅራት ገትር ሕክምናውን ጨርሶ ወጥቷል። ከዚህ በኋላስ?

መልስ፦ ቀጠሮዎቹ አይዘለሉ። ከወጣ በአራት ሳምንት ውስጥ ጆሮው ቢመረመር ጥሩ ነው፤ በሽታው የመስማት ችሎታን ሊቀንስ ይችላል፣ ጀንታማይሲንም አልፎ አልፎ ጆሮ ይነካል። ቀድሞ የታወቀ ልጅ ቋንቋ ሳያመልጠው እርዳታ ያገኛል። የራሱ ዙሪያ በየቀጠሮው በሜትር ይለካ፤ ፈጥኖ ካደገ አንጎል ውስጥ ፈሳሽ የመጠራቀም ምልክት ሊሆን ይችላል። የስድስተኛው ሳምንት ክትባቱን ይውሰድ፤ ከዚያ ክትባት በኋላ የሚመጣ ቀላል ሙቀት የተለመደ ነው፣ ግን የዚህን ልጅ ታሪክ ለከታቢዋ አስቀድሞ መንገር ይገባል።