ከአንገት ቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይንን ለምን እናያለን?

ለእንቅርት ቀዶ ሕክምና ሪፈር የተጻፈለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ድምፁ ነው። ይሁን እንጂ በአንገት ውስጥ ለዓይን የሚያገለግል ነርቭም ያልፋል።

ይህ ሲምፓቴቲክ ነርቭ ይባላል። ስንደነግጥ ላብ የሚያስወጣውና የዓይን ብሌንን የሚያሰፋው እርሱ ነው። መልእክቱ ከአንጎል ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰር እስከ ደረት ይወርድና በሳንባ አናት አጠገብ አልፎ በአንገት በኩል ወደ ላይ ይመለሳል።

በአንገት ግራና ቀኝ አንዳንድ የነርቭ ሰንሰለት አለ። ቦታው ከካሮቲድ የደም ቧንቧ በስተጀርባ፣ በአከርካሪው ፊት ባሉት ጡንቻዎች ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቋጠሮዎች አሉት፦

1. የላይኛው፦ ከሁሉም ትልቁ ነው። በ2ኛውና በ3ኛው የአንገት አጥንት ትይዩ ይገኛል።
2. መካከለኛው፦ ትንሽ ሲሆን በ6ኛው አጥንት ትይዩ ነው። በአንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ አይገኝም።
3. የታችኛው፦ በ1ኛው የጎድን አጥንት አጠገብ ነው። በብዙ ሰዎች ከመጀመሪያው የደረት ቋጠሮ ጋር ተዋሕዶ ኮከብ ስለሚመስል ስቴሌት ይባላል።

ቀዶ ሐኪሞች ለምን ይጠነቀቁለታል? የላይኛው ቋጠሮ ንፍፊት ሊመስል ይችላል። ትልቅ እንቅርት ደግሞ ሰንሰለቱን ከቦታው ይገፋዋል። በአንገት አከርካሪ ቀዶ ሕክምናም ጊዜ፣ ሰንሰለቱ ወደ ታች ሲወርድ ወደ መሐል ስለሚቀርብ፣ በ6ኛው አጥንት አካባቢ ይበልጥ ለጉዳት ይጋለጣል።

ነርቩ ከተጎዳ በዚያው ወገን የዓይን ቆብ በመጠኑ ይወርዳል፣ ብሌን ይጠባል፣ ፊትም ላብ ሊያጣ ይችላል። የስዊዘርላንዱ የዓይን ሐኪም ሆርነር በ1869 እ.ኤ.አ. ስለ ጻፈበት ሆርነር ሲንድረም ተብሏል። ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። ዓይንን አያሳውርም፤ በአንዳንዱ ሰው እየተሻለ ይሄዳል፣ በሌላው ግን ይቀራል።

የጤና ረዳቶች የሚከተሉትን አድርጉ፦

ሀ. በሽተኛው ወደ ሆስፒታል ከመሄዱ በፊት ሁለቱን ብሌኖች በደብዛዛ ብርሃን አነጻጽሩ። ጤነኛው ስለሚሰፋ ልዩነቱ በዚያ ጊዜ ጎልቶ ይታያል። ያያችሁትን በሪፈር ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ልዩነቱ ቀድሞ ካለ፣ እብጠቱ ነርቩን እየነካ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ለ. ሲመለስ እንደገና ተመልከቱ። ለውጥ ካለ ወደ ቀዶ ሐኪሙ መልሱት።

ሐ. ቀዶ ሕክምና ያላደረገ ሰው ድንገት አንገቱን ወይም ራሱን አሞት እነዚህ ምልክቶች ከታዩበት፣ ምች ነው ተብሎ ቤት መቆየት የለበትም። የካሮቲድ ቧንቧ ግድግዳ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ስትሮክ ያስከትላል። በዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይላክ።