ማሳከኩ ቢተው፣ እናንተ አትተዉ

ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደርሼ ጫማዬን ማውለቅ አፈርኩ። በትንሿ የእግሬ ጣትና በጎረቤቷ መሃል ያለው ቆዳ ውሃ እንደነካው ወረቀት ነጥቶ ተልጧል፤ ሽታውን ባላነሳው ይሻላል። ዛፍ ሥር ቆሜ አስቀድሼ ተመለስኩ።

ያናደደኝ፣ እግሬን በየቀኑ የምታጠብ ሰው መሆኔ ነው! ለካ ጣጣው ማድረቁ ላይ ኖሯል። ጠዋት ታጥቤ፣ እንደረጠበ ካልሲ አጥልቄ፣ ትናንት ዝናብ የመታውን ጫማ ተጫምቼ ወደ ታክሲ እሮጣለሁ። ፈንገስ ሌላ ምን ይፈልጋል? ሙቀቱም እርጥበቱም ተሟልቶለታል፤ ምግቡ ደግሞ ቆዳችን፣ ጸጉራችንና ጥፍራችን የተሠሩበት ኬራቲን ነው። የልጆች ራስ ላይ የሚወጣው ጭርት የዚሁ ዘመድ ነው። ቋቁቻን የሚያመጣው እርሾ እንኳ ጤነኛ ቆዳ ላይም ይኖራል፤ ሙቀትና ላብ ሲያገኝ ነው የሚበረታው። ታዲያ ምን ያሳፍራል?

ፋርማሲ ሄጄ ክሎትሪማዞል የተባለ የፈንገስ ቅባት ገዛሁ። በሳምንቱ ማሳከኩ ተወኝ፤ እኔም ቅባቱን ተውኩ። ወር ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። ፋርማሲስቷ ሳቀችብኝ፦ «ወንድሜ፣ እርስዎ ተዉት እንጂ እሱ መቼ ተወዎት!»

በሁለተኛው ዙር 4 ሳምንት ሙሉ ቀባሁ። መጨረሻዎቹ ቀናት ላይ የሚያሳክክም የሚታይም ነገር አልነበረም፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። ያንን ስወጣ ግን ዳነ!

የጥፍር ፈንገስ የያዛችሁ ደግሞ ከእኔ የበለጠ ትዕግስት ያስፈልጋችኋል። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። አይዟችሁ፣ ሥሩን ተመልከቱ፤ ሕክምናው ከሠራ ንጹሑ ጥፍር በወር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ እያለ ነው።

የጎረቤት ቅባት ግን ይቅርባችሁ። ቤታሜታዞን ብቻ ያለበት ቅባት ማሳከኩን አስታግሶ ፈንገሱን ያፋፋዋል። የልጅ ራስ ጭርት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ስኳር ያለበት ሰውም እግሩ ሲቆስል ቶሎ ሐኪም ይይ።

እኔ አሁን ሁለት ጥንድ ጫማ እያፈራረቅኩ አንዱን አደርቃለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ፣ ፎጣውን በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መሃል አንዴ አሳልፉት።