«እንኳን መጣህ» የሚለው ማን ነው?
(ስለ ቪዲዮ ጌም ሱስ የተዘጋጀ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ ወንድማችን ነው። ስሙን አንጠቅስም፤ ነገሩን እንድንጽፍ ግን ራሱ ፈቅዶልናል። ይህ ወንድማችን ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ አብሮን ያደገ፣ በመዝሙር ክፍል ከበሮ የሚመታ፣ የበዓል ሌሊት ሲታደር ከሁላችን ቀድሞ የሚገኝ ነበር። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን መቅረት ጀመረ። በመጀመሪያ በወር አንድ እሑድ፣ ቀጥሎ ሁለትና ሦስት፣ በመጨረሻም ጭራሽ ጠፋ። እኛም «ሰነፈ»፣ «ዓለም ወሰደችው» ተባባልን እንጂ ቤቱ ሄደን አልጠየቅነውም። መንገድ ላይ ስናገኘውም «የት ጠፋህ?» ብሎ ከመገሠጽ በቀር ሌላ ቃል አልነበረንም። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ፈተናውን መውደቁን በሰማን ጊዜ ግን ደነገጥን፤ ከመካከላችን ሁለታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሄድን።

እናቱ በሩን ከፍተው «ግቡ ልጆቼ፤ እስቲ እናንተ አናግሩልኝ» አሉን። ቡናውንም እያፈሉ፣ «እኔ እኮ ጫት አይቅምም፣ መጠጥ አይቀምስም፣ ከቤት አይወጣም ብዬ አምላኬን ሳመሰግን ነበር። ሌሊት መብራቱ በርቶ ሳይ የሚያጠና ይመስለኝ ነበር» ብለው አለቀሱ። ልጃቸው ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት በስልኩ ጌም ይጫወት ኖሯል። ለመጻሕፍትና ለፎቶ ኮፒ የሚሰጡትም ገንዘብ ለካርድና ለኢንተርኔት ፓኬጅ ያልቅ ነበር። «ለምን?» ብለን ብንጠይቀው የመለሰልን መልስ እስካሁን ከልባችን አልወጣም። «እናንተ ዘንድ ስመጣ የት ጠፋህ ትሉኛላችሁ፤ እዚያ ስገባ ግን እንኳን መጣህ ብሎ ስጦታ ይሰጠኛል» አለን።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጉዳዩ ያነበብነውንና የተወያየንበትን በሚከተለው አኳኋን እናቀርባለን።

ሀ. መጫወት ራሱ ኃጢአት ነውን?

አይደለም። ይህን አስቀድመን መናገር የፈለግነው ብዙ ጊዜ በእኛ ዘንድ ነገሩ ሁሉ በአንድነት ስለሚወገዝ ነው። ስለ አባ እንጦንስ የሚነገረውን ታሪክ እናስታውስ። አንድ አዳኝ አባ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወቱና ሲደሰቱ አይቶ ቅር ተሰኘ። እርሳቸውም ቀስቱን እንዲለጥጥ አዘዙት፤ ለጠጠ። አሁንም ጨምር አሉት፤ ጨመረ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዙት ከመጠን በላይ ከተለጠጠ ይሰበራል አላቸው። እርሳቸውም የወንድሞች ነገር እንደዚሁ መሆኑን፣ ያለ ዕረፍት ቢጨነቁ እንደሚሰበሩ አስረዱት። ስለዚህ ዕረፍትና ጨዋታ በመጠኑ ለሰው የሚያስፈልግ ነው።

የቪዲዮ ጌም ታሪክም አዲስ አይደለም። «ፖንግ» የተባለው የቴኒስ መሰል ጨዋታ በአሜሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ነው። ልዩነቱ ያኔ ጨዋታው በአንድ ቦታ የቆመ ሣጥን ነበር፤ ሳንቲም ሲያልቅ ጨዋታውም ያልቃል። ዛሬ ግን በየሰፈሩ በጨዋታ ወይም በሰዓት እየተከፈለ ፕሌይስቴሽን የሚያጫውቱት ጌም ቤቶች ሳይቈጠሩ፣ እንደ ፐብጂና ፍሪ ፋየር ያሉት ጨዋታዎች በኪሳችን ውስጥ ናቸው። አብረውን ይተኛሉ፤ አብረውን ይነሣሉ።

ለ. ሱስ የሚባለው መቼ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2019 ባጸደቁትና ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ይህ ችግር እንደ አንድ የጤና እክል ተመዝግቧል። በዚያም ሦስት ምልክቶች ተጠቅሰዋል፤ እነርሱም፦

1ኛ. ሰውየው መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚጫወት፣ መቼ እንደሚያቆም ራሱን መግዛት ሲያቅተው፤

2ኛ. ጨዋታው ከሌላው ፍላጎቱና ከዕለት ተግባሩ ሁሉ እየቀደመ ሲሄድ፤

3ኛ. ጉዳት መድረሱን እያየም ሲቀጥል ወይም ሲያብስ ነው።

ይህም በትምህርቱ፣ በሥራው፣ በቤተሰቡና በማኅበራዊ ኑሮው ላይ ከባድ ጉድለት ያስከተለ፣ አብዛኛውን ጊዜም ቢያንስ 12 ወራት የቈየ መሆን አለበት። ድርጅቱ ከሚጫወቱት ሰዎች መካከል በዚህ እክል የሚያዙት ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸውንም ገልጿል። ስለዚህ ታናሽ ወንድማችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ኳስ በፕሌይስቴሽን ስለተጫወተ ሱሰኛ ብለን አንጥራው። ዋናው ጥያቄ ስንት ሰዓት ተጫወተ ብቻ ሳይሆን፣ ተው ቢሉት መተው ይችላልን የሚለው ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 6፣ የተፈቀደው ነገር ሁሉ የሚጠቅም አለመሆኑንና እርሱም ለማንኛውም ነገር እንደማይገዛ አስተምሯል። የሕክምና ሊቃውንት በብዙ ገጽ የጻፉትና ሐዋርያው ያስተማረው እዚህ ላይ ይገናኛሉ፤ ጉዳዩ የጌትነትና የባርነት ጉዳይ ነው።

ሐ. ጨዋታው ሰውን የሚይዘው በምን ዘዴ ነው?

ብዙዎቻችን የፈቃድ ድካም ብቻ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ጨዋታዎቹ ተጫዋቹ እንዳይወጣ ሆነው በባለሙያ የተሠሩ ናቸው።

አንደኛው ዘዴ ያልታወቀ ዋጋ ነው። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በአይጦችና በርግቦች ላይ ባደረገው ምርምር፣ እንስሳው መቼ ምግብ እንደሚያገኝ በማያውቅበት ጊዜ፣ ሁልጊዜ ከሚያገኝበት ጊዜ ይልቅ ተግቶና ሳይሰለች ቁልፉን እንደሚመታ አሳይቷል። የቁማር መኪና የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። በብዙ ጌሞችም ውስጥ ተጫዋቹ ሣጥን ይከፍታል፤ ምን እንደሚወጣለት ግን አያውቅም። የቤልጂየም መንግሥት የቁማር ተቈጣጣሪ አካል እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዙ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች የአገሪቱን የቁማር ሕግ የሚጥሱ ናቸው ያለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው በአንጎላችን ውስጥ የሚሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር 8 ወንዶች የታንክ ጌም ሲጫወቱ አንጎላቸው በመሣሪያ ታይቶ፣ ዶፓሚን የተባለው ቅመም በብዛት እንደሚመነጭ ተረጋግጧል። ይህ ቅመም እግዚአብሔር ሰውን ወደ ምግብ፣ ወደ ሥራና ወደ መልካም ነገር እንዲነሣሣ የፈጠረለት ነው፤ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ያለ ድካም በጣት ንክኪ ዘወትር ሲቀሰቀስ፣ ደስታው ቀስ ብሎ የሚመጣው ጥናትና ጸሎት የደረቀ ይመስላል።

ሦስተኛው ማብቂያ ማጣት ነው። መጽሐፍ ያልቃል፤ የኳስ ግጥሚያም በ90 ደቂቃ ያበቃል። እነዚህ ጨዋታዎች ግን መጨረሻ የላቸውም። በየቀኑ ለገባ ስጦታ አላቸው፤ አንድ ቀን የቀረ ግን ይቀርበታል። በቡድን ስለሚጫወቱም ጓደኞችን ጥሎ መውጣት ነውር ይመስላል። አያችሁን? እኛ በጉባኤያችን ልናደርገው የሚገባንን ጨዋታው አድርጎታል። የመጣውን ይቀበላል፤ የቀረውን ይጠራል፤ ለእያንዳንዱም የሥራ ድርሻ ይሰጣል።

መ. የሚያደርሰው ጉዳት

ከሁሉ በፊት እንቅልፍን ይወስዳል። ያልተኛ አእምሮ የተማረውን አይዝም፤ ቁጡም ይሆናል። ዐይን ይደርቃል፣ አንገትና ወገብ ይታመማል፣ ምግብ በሰዓቱ አይበላም። ገንዘብ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚወጣ ስንት እንደጠፋ አይታወቅም። ውሸትም ይከተላል፤ ወንድማችን ለእናቱ «እያጠናሁ ነው» ያለው ክፉ ልጅ ሆኖ ሳይሆን አፍሮ ነው። ኀፍረቱ ደግሞ ከጸሎትና ከንስሓ አባቱ አራቀው። ብቸኝነቱ ሲበዛ መሸሸጊያ የሚሆነው ያው ጨዋታ ሆነ። እንዲህ ያለ ክብ ውስጥ የገባን ሰው በተግሣጽ ላይ ተግሣጽ ብንጨምርበት ክቡን ማጥበቅ ነው።

አጀማመሩንም ስንጠይቀው፣ በኮሮና ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ መሆኑን ነገረን። ሥራ አልነበረም፤ ጉባኤ አልነበረም፤ ስልክ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደተባለው፣ ክፉ ልማድም እንደዚሁ በቀስታ እግር ያወጣል።

ሠ. ምን ይደረግ?

አንዳንድ መንግሥታት በሕግ ሊከላከሉት ሞክረዋል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ ከልክላ ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ሕጉን ሽራዋለች። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀናት ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ እንዲጫወቱ ደንግጋለች። ሕግ የሚረዳበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም በሩን መዝጋት ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሚገባበት ሌላ በር መከፈት አለበት።

አባ እንጦንስ በበረሃ ስልቸታና የሐሳብ ጨለማ በያዛቸው ጊዜ መድኃኒቱን የተማሩት እንደ እርሳቸው ካለ ሰው ነበር፤ ይኸውም ተቀምጦ ገመድ ይፈትላል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ደግሞ ተቀምጦ ይሠራል። የእግዚአብሔር መልአክ ነበረ። ባዶ ጊዜ በሥራና በጸሎት በየተራ ሲሞላ ስልቸታ ቦታ ያጣል ማለት ነው። ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን እናሳስባለን።

ጨዋታው የያዘው ሰው፦ ለአንድ ሳምንት የተጫወተበትን ሰዓት ሳይደብቅ ይጻፍ። ስልኩን ከመኝታው ያርቅ፤ የጨዋታውን ጥሪ ያጥፋ፤ በጨዋታው ውስጥ ገንዘብ አይክፈል። በቀነሰው ሰዓት ፈንታ የሚሠራውን አስቀድሞ ይወስን፤ ባዶውን ከተወው ይመለሳልና። ለንስሓ አባቱ ይንገር። ከአቅሙ በላይ ሲሆን፣ እንቅልፍ ጨርሶ ሲጠፋ ወይም ተስፋ መቍረጥ ሲመጣ ወደ ሐኪም ይሂድ። አስተሳሰብንና ልማድን በምክር የሚያስተካክል ሕክምና አለ፤ ሐኪም ዘንድ መሄድም የእምነት ጉድለት አይደለም።

ወላጆች፦ ስልኩን በድንገት ነጥቆ መስበር ቁጣንና መደበቅን ያመጣል። ተነጋግሮ ሰዓት መወሰን፣ በማዕድ ጊዜም የወላጅንም ስልክ ጭምር ማስቀመጥ ይሻላል።

እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት፦ ሁለት እሑድ የቀረውን ሦስተኛው ሳይደርስ ቤቱ ሄደን እንጠይቀው። ሲመጣም በመጀመሪያ «እንኳን መጣህ» እንበለው። ቀጥሎ ሥራ እንስጠው።

ረ. ማጠቃለያ

ወንድማችን ተፈወሰ ብለን ልንጽፍ አንችልም። ጨዋታውን አንድ ጊዜ ከስልኩ አጥፍቶ ከሳምንት በኋላ መልሶ ጭኖታል፤ ይህንንም ራሱ መጥቶ ነገረን። አሁን ስልኩን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ለእናቱ ይሰጣል። ፈተናውን ደግሞ ለመውሰድ ከእኛ ጋር ያጠናል። በዚህ ወር ሁለት እሑድ መጥቷል፤ በሁለተኛው ከበሮውን ሰጠነው። እጁ ትንሽ ጠፍቶበት ነበር፤ ነገር ግን ማንም አልሳቀበትም።

ጥፋቱ የጨዋታው ብቻ ነው ብንል ራሳችንን እንዋሻለን። እርሱ ሲርቅ ቦታው ባዶ መሆኑን እኛ ለብዙ ወራት አላስተዋልንም፤ ጨዋታው ግን አንድ ቀን ሲቀርበት ይጠራው ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ ተባብረን እርስ በርሳችን እንጠባበቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከሦስቱ ምልክቶች በራሳችን ላይ የምናየው አለን? ከጌም ሌላ በምን ነገር?

2. ባለፉት ሦስት ወራት ከክፍላችን የጠፋ ማን ነው? ማንስ ሄዶ ጠየቀው?

3. ለታናናሾቻችን ከሰዓት በኋላ ምን ዓይነት ጨዋታና ሥራ ልናዘጋጅላቸው እንችላለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።