ርኅራኄ ዋርድ ሲገባ

የዛሬው ትምህርታችን ሕክምና ሊማር የገባ ወጣት ሐኪም እስኪሆን ድረስ በልቡ ላይ ስለሚደርሰው ለውጥ ነው። ብዙዎቻችሁ በዚሁ መንገድ ላይ ስለሆናችሁ ሳንቸኩል እንየው።

በፊላደልፊያ የጄፈርሰን ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች፣ ተማሪዎች ለታካሚ ያላቸውን የመራራት ዝንባሌ ከመግቢያቸው ጀምሮ በመጠይቅ ሲለኩ ቆይተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብዙ ለውጥ አልታየም። በሦስተኛው ዓመት ግን ወረደ። ሦስተኛው ዓመት በአሜሪካ ተማሪው ከመጽሐፍ ወጥቶ ዋርድ የሚገባበት ዓመት ነው። ሕመምተኛውን በቅርብ ባገኘበት ወቅት ርኅራኄው ቀነሰ ማለት ነው። እርግጥ መጠይቅ ሰው ስለ ራሱ የሚያስበውን እንጂ አልጋ አጠገብ የሚያደርገውን አያሳይም።

ከዚያ ቀደም ሲል ሃዋርድ ቤከርና ባልደረቦቹ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1961 መጽሐፍ አውጥተው ነበር። እነርሱ ያዩት የሚያጽናና ነው። ተማሪዎቹ ፈተና ሲያስጨንቃቸው የመጡበትን ዓላማ ወደ ጎን አቆዩት እንጂ አልካዱትም። ምረቃ ሲቃረብም አሳባቸው ሥራውን ባወቀ ሰው ብስለት ተመለሰ።

እንግዲህ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው የስሜት መርጋት ነው። አስከሬን በሚጠናበት ክፍል በመጀመሪያው ቀን ፎርማሊኑ ዓይኑን እያቃጠለው እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ፣ ውሎ አድሮ በተረጋጋ እጅ ይሠራል። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ቁስል የሚሰፋ እጅ መርጋት አለበት።

ሁለተኛው ሌላ ነው። ጠዋት ራውንድ ላይ ኢንተርኑ «አልጋ ሰባት፣ የልብ ድካም፣ ሦስተኛ ቀን» ብሎ ይጀምራል። የታካሚዋ አስታማሚ ልጅ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ የሐኪሞቹን ፊት በየተራ ታያለች። የሚነግራት የለም፤ ቡድኑ ወደ አልጋ ስምንት ያልፋል። ኢንተርኑ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሌሊቱን ዲዩቲ አድሯል፤ ሲኒየሩ የሚጠይቀውም የፖታሲየሙን ውጤት እንጂ የታካሚዋን ስም አይደለም። ተማሪ ደግሞ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይወርሳል። ልብ በዚህ መንገድ ሲደነድን ባለቤቱ አይታወቀውም፤ አስፈሪነቱም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ርኅራኄ ምንድን ነው? የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ልብ በሉ። የጻፈልን ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። የሳምራዊውን ማዘን በአንድ ቃል ጠቅሶ ያልፍና ሥራውን ይዘረዝራል፦ ወደ ቁስለኛው ቀረበ፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ ቁስሉን አሰረ፣ በራሱ እንስሳ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው። ርኅራኄ በእንባ ብዛት የሚለካ ቢሆን ኖሮ ዝርዝሩ ስለ እንባው ይሆን ነበር። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያም ከከተማው ውጭ ለሕሙማንና ለድኾች ማረፊያ አሠርቷል፤ ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ እንደመሰከረለት፣ ሰው የሸሻቸውን ለምጻሞች እንደ ወንድም ይስማቸው ነበር። ስሜታችሁ የደከመ ቀንም ስቴቶስኮፑን በመዳፍ አሙቆ ደረት ላይ ማድረግ፣ ለአስታማሚዋ ሁለት ዓረፍተ ነገር መንገር ይቻላል። እጅ ሲለምደው ልብም ይከተላል።

ብዙ ሰባክያን የሚያልፉት ነገር ደግሞ አለ። ሳምራዊው በማግሥቱ ጉዞውን ቀጥሏል። ቁስለኛውን ለማደሪያው ባለቤት በአደራ ሰጠ፣ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ ሲመለስም የጎደለውን እንደሚሞላ ቃል ገባ። ፈረቃውን በሚገባ አስረክቦ የሚተኛ ሐኪም ታካሚውን አልከዳም። የማያስተኛው አሠራር ግን ከርኅራኄው የሚቀንሰው አለ፤ ለዚህም ተጠያቂው ወጣቱ ብቻ አይደለም።

ሲኒየር የሆናችሁ፣ ነገ ራውንድ ላይ ከፖታሲየሙ በፊት የታካሚዋን ስም ጠይቁ። ኢንተርኑ ካላወቀው አትቆጡት፤ አብራችሁ እርሷን ጠይቋት።