«ዘ ክሩስብል» ከአሶሳ ሲነበብ፦ ስም የማስጠራት ስልት በአርተር ሚለር ተውኔት

በክፍላችን የተውኔት ኮርስ የወሰደ ተማሪ ሁሉ የአርተር ሚለርን «ዘ ክሩስብል» ያውቀዋል። ስለ ተውኔቱ ስንጠየቅም አብዛኞቻችን «የማካርቲን ዘመን በጠንቋይ አደን መስሎ ያቀረበ ተምሳሌታዊ ተውኔት ነው» ብለን እንዘጋዋለን። ለፈተና ይበቃል። ደራሲው በምን ስልት ተመልካቹን ጨምድዶ እንደሚይዘው ግን ሳይነካ ይቀራል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ጥቂቶቹን ስልቶች፣ በተለይም ተጠርጣሪን ስም የማስጠራቱን ነገር፣ እኛ ከምናውቀው ጋር እያገናዘብሁ ለማየት እሞክራለሁ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1692፣ ቦታው በማሳቹሴትስ የምትገኘው ሳሌም ነው። በተውኔቱ ውስጥ ልጃገረዶች በሌሊት ጫካ ገብተው ሲጨፍሩ በቄሱ በፓሪስ ይያዛሉ። ቅጣቱን ፈርተው «ጠንቋይ ነው እንዲህ ያደረገን» ይላሉ። ከዚያማ ማን ያቁመው! በታሪክ እንደተመዘገበው 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ ጃይልስ ኮሪ የተባለ ሽማግሌም ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለቱ ድንጋይ እየተጫነበት ሞተ። ሚለር ይህን ለመድረክ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን፣ ያኔ በአገሩ በኮሚኒስትነት የተጠረጠሩ ሰዎች በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት እየቀረቡ የጓደኞቻቸውን ስም እንዲሰጡ ይጠየቁ ነበር። ታሪኩን እንዳለ አልወሰደውም። በእውነተኛው ታሪክ 11 ዓመት ገደማ የሆናትን አቢጌል ዊልያምስን 17 አደረጋት፤ 60 ገደማ የነበረውን ጆን ፕሮክተርን ደግሞ ወደ ሠላሳዎቹ አወረደው። በሁለቱ መካከል የዝሙት ጉዳይ ሊገባ የቻለው በዚህ ነው።

ርዕሱ ራሱ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። ክሩስብል ማለት አንጥረኛ ማዕድን የሚያቀልጥበት፣ ኃይለኛ እሳት የሚችል ማቅለጫ ነው። ይህ ለእኛ ለወርቅ አገር ልጆች ሩቅ አይደለም፤ በመንጌ፣ በሸርቆሌ ወይም በኩርሙክ አሸዋ አጥቦ ወርቅ የሚፈልግ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያለው ብዙ ነው። ወርቅ እሳት ሲገባ ቆሻሻው ይለያል። የሳሌም ፍርድ ቤትም መንደሩን አጠራለሁ ብሎ ነው የተነሳው። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፦ ደጓ ርብቃ ነርስ ለገመድ ስትቀርብ አቢጌል የፓሪስን ገንዘብ ሰርቃ ትጠፋለች። ማቅለጫው ወርቁን ፈጅቶ አሩን አተረፈ።

ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ደራሲው ያላሰበው ምፀት ይጨመርበታል። በደጋው አገር ማቅለጫና ወናፍ ይዞ የሚውለው ቀጥቃጭ ነው «ቡዳ» ሲባል የኖረው። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂውም እንዲሁ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት መድረሳቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደነበረው ያሳያል።

በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩ ቤተሰቦች የተወለድን ልጆች የቡዳን ወግ ከአያቶቻችን ሰምተናል። ሰው ድንገት ሲታመም «ቡዳ በልቶት ነው» ይባልና ጭስ ያጥኑታል። «ማን በላህ? ተናገር!» እያሉ ያስለፈልፉታል። የሚናገረው የበላው ሰው ነው፣ የበሽተኛው አፍ መሣሪያ ብቻ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ የተጠራው ስም ራሱ ማስረጃ ይሆናል። የተጠራው ሰው «እኔ የለሁበትም» ቢል ማን ይሰማዋል? ቡዳ መቼ አምኖ ያውቃል!

አሁን የመጀመሪያውን ገቢር መጨረሻ እንይ። ከባርባዶስ የመጣችው ባሪያ ቲቱባ በቄሶቹና በፑትናም ተከባ ትጠየቃለች። ትገረፊያለሽ፣ ትሰቀያለሽ ይሏታል። ከሰይጣን ጋር ያየሻቸው እነማን ናቸው ሲሏት መጀመሪያ ስም የላትም፤ ፑትናም ነው የሁለት ሴቶችን ስም በጥያቄ መልክ የሚያቀብላት። ጥቂት ቆይታ ያንኑ ስም መልሳ ትሰጣቸዋለች፤ እነሱም እውነቱ ወጣ ብለው አምላክን ያመሰግናሉ። ተመልካቹ ስሙ ከየት እንደመጣ በጆሮው ሰምቷል፤ መድረክ ላይ ያሉት ግን አልሰሙም። ድራማዊ ምፀት ማለት ይኼ ነው። ከዚያ አቢጌል ትቀበላለች፣ ስም በስም ላይ ይደረደራል፣ የምልልሱ ፍጥነት እየጨመረ ሄዶ መጋረጃው ይዘጋል። የማስለፍለፍን ሥርዓት የሚያውቅ ተመልካች እዚህ ላይ የግርጌ ማስታወሻ አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚያመው ምፀት ግን በሦስተኛው ገቢር ያለው ነው። ፕሮክተር አቢጌልን ለማጋለጥ ሲል የራሱን ዝሙት በችሎት ይናገራል፤ ሚስቴ ኤልሳቤጥ ዋሽታ አታውቅም፣ ጠይቋት ይላል። እሷ ትጠራለች፤ ምን እንደተናገረ አታውቅም። ባሏን ለማዳን ስትል በሕይወቷ አንዴ ትዋሻለች፤ በዚያው ቃሏ ትገድለዋለች። ሚለር ይህን ያዘጋጀው ቀደም ብሎ ነው። በሁለተኛው ገቢር መግቢያ ፕሮክተር ብቻውን ወጡን ቀምሶ ጨው ይጨምርበታል፤ ኋላ ሚስቱ ስታቀርብለት ግን በደንብ አጣፍጠሽዋል ይላታል። ትንሽ ውሸት፣ ለፍቅር የተዋሸ። ንግር እንዲህ በጨው ቁንጥጫ ሲሠራ ያየሁት በዚህ ተውኔት ነው።

ተምሳሌቱን በተመለከተ የቆየ ተቃውሞ አለ፦ ጠንቋይ የለም፣ ኮሚኒስት ግን ነበረ፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ልክ አይደለም የሚል። ጥያቄው ለእኛም ይመጣል። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ሰው በየቀበሌው ተሰብስቦ ራሱንና ሌላውን እንዲያጋልጥ ሲታዘዝ ኢሕአፓ የሚባል ድርጅት በእርግጥ ነበረ፤ መሣሪያም ያነሳ ነበር። ታዲያ ተምሳሌቱ ይፈርሳል? በእኔ አስተያየት አይፈርስም። የሚለር ስልት ያተኮረው ጠላቱ መኖር አለመኖሩ ላይ ሳይሆን ጥፋተኛ በሚለይበት መንገድ ላይ ነው። ዳኛው ዳንፎርዝ ሰው ወይ ከፍርድ ቤቱ ጋር ነው ወይ በፍርድ ቤቱ ላይ ነው ብሎ ያምናል፤ መሃል የለም። ያመነ ይተርፋል፣ የካደ ይሰቀላል፤ ማመን የሚረጋገጠው ደግሞ ሌላ ሰው በመስጠት ነው። «ፀረ-አብዮተኛ» የሚለው ቃል በቀበሌ ስብሰባ የነበረውን ሥራ «ጠንቋይ» በሳሌም ሠርቶታል። ሚለር በምልልሱ ውስጥ ማካርቲን አንድም ጊዜ አለመጥራቱ ጠቅሞታል፤ በባዶው ቦታ እያንዳንዱ አገር የራሱን ያስቀምጥበታል።

የደራሲው ዕጣም ተውኔቱን ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ1956 በኮሚቴው ፊት ቀርቦ የሌሎችን ስም አልሰጥም አለ፤ በ1957 ምክር ቤቱን በመድፈር ጥፋተኛ ተባለ፤ በ1958 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነፃ አወጣው።

የመጨረሻው ተምሳሌት ስም ነው። በአራተኛው ገቢር ፕሮክተር ለመኖር ብሎ የሐሰት ኑዛዜውን ይፈርማል፤ የሌላ ሰው ስም ግን አልጠራም ይላል። ወረቀቱ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደሚቸነከር ሲያውቅም ይቀደዋል፤ ጓደኞቹን ሸጦ ልጆቹን እንዴት ቀና ብለው እንዲሄዱ እንደሚያስተምር ይጨንቀዋል። ይህን ክፍል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ዕድለኛ ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ፕሮክተር የቤተሰብ ስም ነው፣ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ። በእኛ አገር ግን የልጅ ሁለተኛ ስሙ የአባቱ የራሱ ስም ነው። አስተማሪ መዝገብ ይዞ ተማሪ በጠራ ቁጥር አባቱ አብሮ ይጠራል። አማርኛ ተናጋሪ ተዋናይ «ስሜን ተዉልኝ» ሲል አዳራሹ የሚሰማው የልጆቹን ስም ጭምር ነው፤ ለዚህ አንድም ቃል መጨመር አያስፈልግም።