ልጅን በዓመቱ አጋማሽ ከግል ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስለ ማዛወር

ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ እያለ የሚያለቅስ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ወላጅ ልጁን ለማዛወር ከመቍረጡ አስቀድሞ የኀዘኑን ምክንያት ሊመረምር ይገባዋል። የሚያስፈራው አንድ መምህር ወይም አንድ የክፍል ጓደኛ እንደ ሆነ ነገሩ ከርእሰ መምህሩ ጋር በመነጋገር ሊቃና ይችላል፤ በቅጡ በማይሰማው ቋንቋ ቀኑን ሙሉ መማሩ እንደ ሆነ ግን ማዛወሩ መልካም ነው።

በኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወስኖ ሳለ፣ ብዙዎች የግል ትምህርት ቤቶች ሒሳብንና ሳይንስን በእንግሊዝኛ ማስተማርን መርጠዋል። ከዚህ የተነሣ «ኑሜሬተር»ንና «ዲኖሚኔተር»ን አጥርቶ የሚያውቅ ልጅ፣ በአማርኛ በሚያስተምረው በአዲሱ ክፍሉ ላዕልና ታሕት ሲባል ዝም ይላል፤ መምህሩም ክፍልፋይን የማያውቅ ይመስለዋል። ከአንዱ ኀፍረት ሸሽቶ የመጣውን ልጅ ሁለተኛ የሚያሳፍረው ይህ ነው። ስለዚህ ወላጅ የመንግሥቱን መማሪያ መጽሐፍ አስቀድሞ ተውሶ ቃላቱን ማታ ማታ ከልጁ ጋር ቢያነብ፣ ለአዲሱም መምህር ሁኔታውን ቢያስረዳ ብዙ ጭንቀት ይቀራል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ካለፈ በኋላ ማዛወር ይሻላል፤ የውጤት ካርዱ ተሟልቶ ይገኛልና። መሸኛ ደብዳቤ ከመጠየቁ በፊት ያልተከፈለ ሒሳብ እንዳይኖር ማጣራት፣ በተቀባዩም ትምህርት ቤት ቦታ መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ልጁ ከሁለቱም ውጭ ሆኖ ሊሰነብት ይችላል። በአዲሱ ክፍል የተማሪው ቍጥር ከለመደው ሊበዛ ስለሚችል፣ ልጁ ከመዛወሩ በፊት አንድ ቀን ሄዶ ግቢውን ቢያይ መልካም ነው።