የመኪና መንቀጥቀጥ፦ ከጎማው ነው ወይስ ከፍሬኑ?

በወልቂጤና በቡታጅራ አጥቢያዎች መኪና መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ የጎማ መግዣ ባያጸድቅ እንመክራለን። መጀመሪያ ሹፌሩ መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚመጣ ይጠየቅ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የዲስኩ ውፍረት መዛነፍ ወይም የታምቡሩ ክብነት መበላሸት ይጠረጠራል፤ ይህ ሳይታይ መኪናው ወደ ግቤ ቁልቁለት አይውረድ። ፍሬን ሳይነካ በፍጥነት ጊዜ ከመጣ ግን ነገሩ የሚዛን ጉድለት ሊሆን ይችላል። ጎማው ባላንስ ተደርጎም መንቀጥቀጡ ካልተወ ታምቡሩን እንመርምር፤ ከጎማው ጋር እየተሽከረከረ በባላንስ ማሽኑ ላይ ግን አልወጣምና። ጎማው ተፈትቶ፣ በሁለት ቡሎን ያህል ዞሮ ይታሰርና በዚያው መንገድ ይነዳ፤ መንቀጥቀጡ ከተለወጠ ጥርጣሬው ወደ ታምቡሩ ያደላል። ቶርኖ ክብነቱን ቢያስተካክልም ሚዛኑን ላያስተካክል ይችላል፤ በታምቡሩ ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ ስፋት ካለፈም ይቀየር።